አዲጋላ ላይ የተቀጠለ ፉርጎ

ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፤ ድሬ አሁንም ትፋጃለች፣
ቬንትሌተሯ ሙቀቱን ካንድ ጥግ ወዳንድ ጥግ ታመላልሳለች።
ደረቅ ወደቡ በር ላይ አሥራ አንድ መኪና ቆሟል፣
ሚዛኑ ደህና ነው፤ ፕሮግራሜ ነው የታመመው፣ ታሟል።
ሮብሌ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ደግሞ ይነፋል፤
«ወሪያ! እስኪነጋማ ሽንኩርቴ ይከረፋል!»

ስክሪኑ ላይ የቀረኝ አንድ ረጅም ቁጥር ብቻ ነው፤
ሰባት፣ ኤፍ፣ ሦስት፣ ዜሮ… ጆሮ ያልለመደው።
የወደቀበትን ይነግረኛል፤
ግቢው የማን እንደሆነ፣ የማን እንደሆነ ደጁ፣
እሱን አይነግረኝም።

ከመነሳቱ በፊት የተሰጠኝን ዝርዝር አየሁ፤
ስድስት ላይብረሪ፣ ስድስቱንም አውቃለሁ።
ሁሉም በየፋይሉ፣ ሁሉም በየቤቱ፤
የሟቹ አድራሻ ግን የለም ከስድስቱ።

ያኔ አባቴ ትዝ አለኝ፤
ሙሴ ወርዶፋ፣ የሸሚንደፈሩ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፉርጎ መቁጠር ነበር ግብሩ።
«ከድሬ ሲነሱ የጻፉትን ዝርዝር
አዲጋላ ሲደርሱ አያምኑትም» ይል ነበር፤
«እዚያ ጨው ይቀጠላል፣ ከብት ይቀጠላል፣
ሌሊት ማን እንደገባ ወረቀት ምን ያውቃል?
ውረጂና ቁጠሪ፤
ከፊት እስከ ጭራው፣ በእግርሽ፣ ፋኖስ ይዘሽ ዙሪ።»

እውነቱን ነው፤ ፕሮግራሜ መሀል ሐዲድ እየሄደ
«ክፈት» የምትል አንድ መስመር ደርሶ፣ እንግዳ ወሰደ፤
ማን እንደሆነ አልጻፈም፣ ለእኔም አልነገረ፣
አስገባው፣ በሩን ዘጋ፣ እንደ ቀድሞው በረረ።

በሲ አንዲት ትንሽ ፈንክሽን ጻፍሁና
ላክኋት በየፉርጎው ፋኖስ አስያዝሁና።
ስምህ ማን ነው? መነሻህ ከስንት ይጀምራል?
ትጠይቃለች፤ የተጫነው ሁሉ በተራው ይመልሳል።

የመጀመሪያው ስም ባዶ ነው።
ሁለት ትእምርተ ጥቅስ፣ መሀላቸው ነፋስ፤
ደንግጬ ነበር፤ ለካስ
ራሱ ፕሮግራሙ ኖሯል።
ሁለተኛው ስም አለው፣ ቤት ግን የለው በዲስኩ፤
ከርነል ነው ያዋሰን፤ አለፍሁት ሳልነካ።
ሦስት፣ አራት፣ እስከ ሰባት የማውቃቸው ናቸው፤
ስምንተኛው ላይ ፋኖሷ ቆመች።
«ሚዛን አሮጌ»።
መሐዲ ጅግጅጋ ሥራ አግኝቶ ሳይሄድ የጻፈው፣
ከዚያ ወዲህ ማንም ገልጦ ያላነበበው።

ቁጥሩን ሰጥቼ ጠየቅሁ፤ የሚጠየቀው ስሙ
«ዲ ኤል አድር» ይባላል።
የት አድር ብሎ ለሚጨነቅ ሰው ይህ ስም ምን ይከፋል!
«እዚህ ነው ያደረው» አለ፤ «ሚዛን አሮጌ ግቢ፣
አራት ሺህ ስድሳ አራት ባይት ገባ ብሎ።»
መነሻው በየጉዞው ይለወጣል፤
እንደ ቀፊራ ነጋዴ ምንጣፉ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ይነጠፋል፤
ከምንጣፏ ጠርዝ እስከ ቲማቲሟ ያለው ስንዝር ግን
አንድ ቀን አይዛነፍም።

«ስሙስ?» አልሁት። «ሚዛን ክፈት» አለኝ።
አልዋሸም፣ እውነቱንም አልነገረኝ።
የቅርቡን ስም ነው የሚሰጠው፤
ለገሃሬ ስም የሌለው ሰው ቤት ስትጠይቅ
«ከግሪኩ ዳቦ ቤት አለፍ ብሎ» እንደሚሉህ።
አለፍ አልሁ።
ስሟን ለውጭ ያልሰጠች አንዲት ስታቲክ ተደብቃ፣
ባዶ መኪና ሲመጣ በዜሮ ስታካፍል ደረስሁባት።
አንዲት «ከሆነ» ጨመርሁላት።
የሮብሌ ሽንኩርት ተመዘነ።

ሲነጋ ከዚራ ገባሁ። አባቴ በረንዳው ላይ ካልሲ ያደርጋል።
«ስንት ፉርጎ?» አለኝ፤ ሰላምታው ይኸው ነው።
«ስምንት። የፊተኛው ስም የለው።»
«እሱማ ባቡሩ ራሱ ነው፤ ስሙን ማን ይጠይቀዋል?
የኋላው ቀይ መብራትስ?»
«አለ። ከሱ ወዲያ ባዶ ነው፤ ዝርዝሩ እዚያ ያልቃል።»
ራሱን ነቀነቀ፤ ሁለተኛውን ካልሲ መፈለግ ጀመረ።
በግራ እግሩ ሥር ነበር፤
አልነገርሁትም፤ ወርዶ ይቁጠር።